ያልተፈተሸው ሚዛን፤ የሽንት ስትሪፕ በወልቂጤና በቡታጅራ

ቡታጅራ ገበያ የማረቆ በርበሬ ሊገዛ የወጣ ነጋዴ ሻጩን በቃሉ ብቻ አያምነውም። ዛላውን ሰብሮ ያየዋል፤ ያሸተዋል፤ ክብደት እንዲጨምር ውኃ ተርከፍክፎበት እንደሆነ በእጁ ጨብጦ ይፈትሻል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ደግሞ ዓይኑን ከመርፌው አይነቅልም። ወልቂጤ ላይ ቆጮና ቡላ የምትሸምት እመቤትም ያው ናት። በጣቷ ሳትዳስስ፣ በአፍንጫዋ ሳታረጋግጥ የመቀነቷን ቋጠሮ አትፈታም።

ይኸው ነጋዴ ነፍሰ ጡር ባለቤቱን ይዞ ወደ ክሊኒክ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽንቷ በትንሽ ብልቃጥ ይወሰዳል፤ ባለቀለም ካሬዎች የተለጠፉበት ቀጭን ፕላስቲክ ይነከርበታል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ "ኢንፌክሽን አለ" ወይም "ምንም የለም" የሚል ወረቀት ይወጣል። ባል ይከፍላል፤ ሚስት የታዘዘላትን ትውጣለች፤ አለዚያም "ጤነኛ ነሽ" ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያ ቀጭን ፕላስቲክም ሚዛን መሆኑን፣ ሚዛን ደግሞ ሊዋሽ እንደሚችል የሚያነሳ አይገኝም። በርበሬው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ክሊኒኩ በር ላይ ይቀራል።

ለመሆኑ የሽንት ስትሪፕ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ምን ያህል አጣርቶ ይለያል? በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ፣ በእነዚህ ከተሞች አየርና አያያዝ፣ በእነዚህ ከተሞች እናቶች ላይስ የሚሰጠው መልስ ስንት ጊዜ ትክክል ነው? ዋጋው ይታወቃል፤ እውነተኛነቱ ግን ለገዢው አይነገርም። የገበያው ችግር እዚህ ላይ ነው።

ራሱን የሚደብቅ በሽታ

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ነፍሰ ጡሮችን የሚያጠቃው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ብዙ ጊዜ ከባለቤቷ ራሱን የሚደብቅ በሽታ ነው። ሽንት አያቃጥልም፣ ትኩሳት የለውም፣ ወገብ አያምም። ባክቴሪያው በሽንት ፊኛ ውስጥ በብዛት እየተራባ ሴትዮዋ ደህና ነኝ ብላ ሥራዋን ትሠራለች። ምልክት የሚያሳይባቸውም ቢሆኑ አያሌዎቹ "ብርድ መታኝ" ብለው ትኩስ ነገር ጠጥተው ያሳልፉታል።

የዚህ ዓይነቱ ምልክት አልባ ኢንፌክሽን በልዩ ልዩ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች ያስረዳሉ። ዋነኛው ተጠያቂ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር በመሆኑና በእርግዝና ጊዜ ማሕፀኑ ፊኛውን ስለሚጫነው፣ ሽንቱም በፍጥነት ስለማይወርድ ባክቴሪያው ወደ ላይ ለመውጣት ይመቸዋል። ሳይታከም ከቀረ ከእነዚህ ሴቶች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል። ያለጊዜው መውለድና ክብደቱ ያነሰ ልጅ መገላገልም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ።

እንግዲህ ታማሚዋ ራሷ የማታውቀውን በሽታ የሚያውቀው ምርመራው ብቻ ነው። ጥርስ ያመመው ሰው ሐኪሙ ቢሳሳት ሕመሙ ራሱ መልሶ ያመጣዋል። ምልክት የሌላት ነፍሰ ጡር ግን "የለብሽም" ከተባለች የሚመልሳት ነገር የለም፤ የሚመልሳት ቢኖር ሌሊት የሚነሳ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳትና የጎን ውጋት ነው። ያን ጊዜ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ሆስፒታል ለመድረስ የሚወጣው የመኪና ኪራይ ከስትሪፑ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይሆንም።

ስትሪፑ የሚያየውና የማያየው

ስትሪፑ ባክቴሪያን አያይም። የሚያየው ባክቴሪያ ጥሎት የሚያልፈውን ዱካ ነው። ሁለት ካሬዎች ለዚህ ጉዳይ ይፈለጋሉ። አንደኛው ናይትራይት የሚባለውን ኬሚካል ይፈልጋል። ሰው ከምግቡ፣ በተለይ እንደ ጎመን ካሉ ቅጠላቅጠሎች የሚያገኘው ናይትሬት በሽንት ይወጣል፤ ኢ. ኮላይና ዘመዶቹ ይህን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሁለተኛው ካሬ ነጭ የደም ሴሎች የሚያመነጩትን ኢንዛይም ይፈልጋል፤ ሰውነት ከተህዋስያን ጋር ውጊያ መግጠሙን የሚጠቁም ነው።

የመጀመሪያው ዱካ እንዲታይ ሽንቱ በፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት ይኖርበታል። ስለዚህ ጥሩው ናሙና የማለዳው የመጀመሪያ ሽንት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቶሎ ቶሎ ሽንቷ ይመጣል። ከአበሽጌ ወይም ከመስቃን ገጠር በማለዳ ተነስታ፣ መንገድ ላይ አንዴ፣ ክሊኒኩ ደርሳ ሁለት ጊዜ ሸንታ፣ ተራዋ ሲደርስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የምትሰጠው ናሙና ባክቴሪያ ሞልቶት እንኳ ናይትራይት ላይኖረው ይችላል። ከዚህም ሌላ ናይትራይት ጨርሶ የማይሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ኢንቴሮኮከስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ባጭሩ፣ የናይትራይት ካሬው "አለ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ ይታመናል፤ "የለም" ሲል ግን ቃሉን ማመን ያስቸግራል።

ሁለተኛው ካሬ ተቃራኒ ጠባይ አለው። በእርግዝና ወቅት ከብልት የሚወጣው ፈሳሽ ይጨምራል፤ በውስጡም ነጭ የደም ሴል ይኖራል። ሴትዮዋ ሳትታጠብ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ሳታፈስና መሐለኛውን ሳትይዝ ከቀረች ካሬው ፊኛዋ ውስጥ ስለሌለ ውጊያ ይመሰክራል። ታጥባ ናሙና እንድትሰጥ ደግሞ መጸዳጃው ውኃ ሊኖረው ይገባል፤ አሰጣጡንም በምትረዳው ቋንቋ ሊያስረዳት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

የዕቃው አያያዝም አለ። ስትሪፕ የሚመጣው እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ባለበት በተዘጋ ብልቃጥ ነው። ክዳኑ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ፣ በክረምት እርጥበት ከገባው፣ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ካሬዎቹ ቀለማቸውን ይለውጣሉ። የሚነበቡበት ሰዓትም የተወሰነ ነው፤ ለናይትራይት አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ፣ ለነጭ የደም ሴል 2 ደቂቃ። ወረፋ የበዛበት ባለሙያ ስትሪፑን ነክሮ ሌላ ታካሚ ሲያስተናግድ ቆይቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢያነብ የሚያየው ቀለም ሌላ ነው። ፋብሪካው የጻፈው የመያዝ አቅም በፋብሪካው ሁኔታ የተለካ መሆኑን ልብ ይሏል።

የአንድ ሺህ ሴቶች ሂሳብ

የገበያ ሰው በቁጥር ያምናልና ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ቀጥሎ ያለው ለሂሳብ የተወሰደ ምሳሌ እንጂ በአንድ ከተማ የተለካ ውጤት አይደለም።

እንበል፣ 1,000 ምልክት የሌላቸው ነፍሰ ጡሮች ይመረመራሉ። ከእነዚህ 100ው ኢንፌክሽኑ አለባቸው፤ 900ው የለባቸውም። ስትሪፑ ካለባቸው መካከል ግማሾቹን ይይዛል እንበል፤ ከሌለባቸው ውስጥ ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል "የለም" ይላል። ሲሰሙት መጥፎ ሚዛን አይመስልም።

አሁን ይደመር። ካለባቸው 100 ሴቶች 50ው ይያዛሉ፤ 50ው "ጤነኛ ናችሁ" ተብለው ይሄዳሉ። ከሌለባቸው 900 ሴቶች 810ው በሰላም ይመለሳሉ፤ 90ው ግን "ኢንፌክሽን አለባችሁ" ይባላሉ። "አለባችሁ" የተባሉት በጠቅላላው 140 ናቸው። ከእነሱ እውነተኛዎቹ ታማሚዎች 50 ብቻ ናቸው። መድኃኒት ገዝተው ከሚወጡት ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ የማያስፈልጋቸውን ገዝተዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው ሌሎች 50 ሴቶች ደግሞ ባዶ እጃቸውን ሄደዋል።

ያው ሚዛን ሌላ ገበያ ላይ ቢወጣ ይለወጣል። ሽንት የሚያቃጥላቸው፣ ወገባቸውን የሚያማቸው 1,000 ሴቶች ቢመጡና ግማሾቹ በርግጥ ኢንፌክሽን ቢኖርባቸው፣ በዚያው ስትሪፕ "አለባችሁ" የሚባሉት 300 ይሆናሉ፤ ከእነሱ 250ው እውነተኛ ታማሚዎች ናቸው። ስትሪፑ አልተለወጠም፤ የተለወጡት ሚዛኑ ላይ የወጡት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ "ይህ ስትሪፕ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለማን? የት? በማን እጅ? የሚሉት ተጨምረው ነው ጥያቄው ሙሉ የሚሆነው።

በዚህ ሂሳብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኪሳራ አለ። አንደኛው ያለ በሽታዋ መድኃኒት የገዛችው ሴት ኪሳራ ነው። ገንዘቧ ይሄዳል፤ በእርግዝናዋ ላይ የማያስፈልግ መድኃኒት ትወስዳለች፤ በከተማው ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ አንድ ተጨማሪ ዕድል ይከፈታል። ሁለተኛው ታማ "ጤነኛ ነሽ" የተባለችው ሴት ኪሳራ ነው። የመጀመሪያው በየቀኑ በጥቂቱ ይከፈላል፤ ሁለተኛው በአንድ ሌሊት ይከፈላል። ሁለቱም በክሊኒኩ የሂሳብ መዝገብ ላይ አይታዩም። መዝገቡ ላይ የሚታየው የስትሪፑ መግዣና መሸጫ ብቻ ነው።

ከስትሪፑ በላይ ያለው ሚዛን

ሚዛን የሚፈተሸው ክብደቱ በታወቀ ድንጋይ ነው። ለሽንት ምርመራ ያ ድንጋይ ካልቸር ይባላል። ሽንቱ ለባክቴሪያ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ተዘርቶ የሚበቅለው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠበቃል፤ ይቆጠራል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይታወቃል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ የሚለውን መለያ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ካስ ሲሆን እስካሁንም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ የምርመራዎቹን ተራ በግልጽ አስቀምጧል። በነፍሰ ጡሮች ላይ ምልክት አልባውን ኢንፌክሽን ለማግኘት የሚመከረው የመሐለኛ ሽንት ካልቸር ነው። ካልቸር በሌለበት ቦታ እዚያው የሚሠራ የግራም ቀለም ምርመራ ከስትሪፕ ይመረጣል። ኢንፌክሽኑ የተገኘባት ሴት የ7 ቀን መድኃኒት እንድትወስድም ይመክራል።

መሐል ላይ ያለው የግራም ቀለም ምርመራ ለእነዚህ ከተሞች ልዩ ትርጉም አለው። የሚጠይቀው ማይክሮስኮፕ፣ የመስታወት ስላይድ፣ ጥቂት ቀለሞችና የሠለጠነ ዓይን ነው። ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ ሲባል ማይክሮስኮፕ በጤና ጣቢያዎች ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ባለሙያው ስላይድ ማዘጋጀትና በዘይት ሌንስ ማየት ለምዷል። ያልተሽከረከረ የሽንት ጠብታ ቀለም ተቀብቶ በዘይት ሌንስ አንድ ዕይታ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ወይም ከዚያ በላይ ከታየ ከ100,000ው ወሰን ጋር የሚቀራረብ ነው። አዲስ ማሽን ከውጭ አይጠበቅም። የሚጠበቀው ጊዜ፣ ቀለምና ሥልጠና ነው።

ይህ ሲባል ስትሪፕ ይጣል ማለት አይደለም። ስትሪፕ በነፍሰ ጡር ሽንት ውስጥ ፕሮቲንን ለማየት፣ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣውን አደገኛ የእርግዝና ሕመም ለመጠርጠር እጅግ ይጠቅማል። ስኳርንም ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥም የሽንት ስትሪፕ ይገኛል። ነገሩ መሣሪያውን ለተሠራለት ዓላማና በልኩ መጠቀም ነው። ጆንያ የሚመዝን ሚዛን ወርቅ አይመዘንበትም።

የክሊኒኮቹ ክርክር

በግል ክሊኒክ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ሚዛን የሚደፋም ነው። ካልቸር ውድ ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ከገጠር የመጣች ሴት ለውጤት ተመልሳ አትመጣም ይላሉ። መድኃኒት ሳይዝ የወጣ ታካሚ "ምንም አላደረጉልኝም" ብሎ ሌላ ቤት ይሄዳል የሚለውም እውነት አለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ከሆነ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የላቦራቶሪ ዕቃ ሁሉ ከብዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ርካሹን ምርመራ የሚመርጥ ባለ ክሊኒክ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ የሚያሳየው ካልቸር ለሁሉም ሴት በየቀኑ መሥራት እንደማይቻል ነው። ስትሪፑ መፈተሽ እንደሌለበት አያሳይም። ነጋዴ ሁልጊዜ የሚመዝነው በፍተሻ ድንጋይ አይደለም፤ በራሱ ሚዛን ነው። ሆኖም ሚዛኑ በየጊዜው በፍተሻ ድንጋይ ይታያል። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ የሥጋ ቤቱን ሚዛን ሲፈትሽ ባለ ሥጋ ቤቱ "ድንጋዩ ውድ ነው" ብሎ አይከራከርም። እንዲያውም ርካሽ ምርመራ ለመጠቀም የተገደደ ሰው ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ሌላው ክርክር "በሌሎች የአገራችን ከተሞች ተጠንቷል፤ ምን ይደገማል?" የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የቡታጅራ የራሷ ታሪክ ነው።

ቡታጅራ የምታውቀው ሥራ

ቡታጅራ መለኪያን መልሶ በመለካት ረገድ እንግዳ አይደለችም። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግቡ ቆይተዋል። በአገሪቱ የጤና ምርምር ዘንድ "ቡታጅራ" የሚለው ስም የታወቀው በዚሁ ነው።

ከዚሁ ሥራ በተያያዘ ለእርጉዞችና ለወላዶች የአእምሮ ጭንቀት መለኪያ የሚሆኑ ሁለት መጠይቆች ተፈትነዋል። አንደኛው በኤድንበርግ ተዘጋጅቶ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ነው፤ ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት በዓለም የገነነው የኤድንበርግ መጠይቅ በዚህ አካባቢ ከ20 ጥያቄው ያነሰ ሆኖ መገኘቱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያው የኤድንበርግ መጠይቅ በአዲስ አበባ ወላዶች ላይ ጥሩ ሆኖ እንደሠራ ዘገበ። አንድ መለኪያ፣ አንድ አገር፣ በመካከል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ውጤቱ ግን የተለያየ ነው።

መጠይቅና ስትሪፕ አንድ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ሌላ ቦታ የሠራ መለኪያ እዚህም ይሠራል ብሎ መቀበል ንግድ አይደለም፤ ዕጣ መጣል ነው። የባክቴሪያው ዓይነት፣ የኢንፌክሽኑ ብዛት፣ የናሙናው አወሳሰድ፣ የስትሪፑ ፋብሪካ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ከላይ በሂሳቡ እንደታየው ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል።

ምን ይደረግ?

ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። ቡታጅራ እስከ 2015 ዓ.ም. ከወልቂጤ ጋር በአንድ ጉራጌ ዞን ስር ነበረች፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ዞኑ ለሁለት ይከፈል እንጂ ገበያው አልተከፈለም። ወልቂጤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ቡታጅራ ሆስፒታልና የአርባ ዓመት ገደማ የምርምር ልምድ አላት። ሁለቱ ተባብረው የሁለቱንም ከተሞች ሚዛን በአንድ ጊዜ ሊፈትሹ ይችላሉ።

አሠራሩ ለማንም ነጋዴ የሚገባ ነው። የአንዲት ሴት ሽንት በአንድ ንጹሕ ብልቃጥ ይወሰዳል፤ ከእሱ ላይ ስትሪፕ፣ ግራም ቀለምና ካልቸር ይሠራሉ። ስትሪፑን የሚያነበው ባለሙያ የካልቸሩን ውጤት አያውቅም፤ ካልቸሩን የሚያነበውም የስትሪፑን አያውቅም። አንዱ የሌላውን ካወቀ ፍርዱ ይዛባል። ከሁሉ በላይ ስትሪፑ "የለም" ያላቸው ሴቶችም ካልቸር ይሠራላቸዋል። "አለ" የተባሉትን ብቻ የሚፈትሽ ጥናት ስትሪፑ ያመለጡትን ሴቶች ጨርሶ አያያቸውም፤ ሚዛኑም ሳይፈተሽ ይመሰገናል። ብዛቱም የምር መሆን አለበት። ከአሥር አንዷ ኢንፌክሽኑ ቢኖርባት 100 ታማሚ ለማግኘት 1,000 ሴት ያስፈልጋል። ምልክት ያላቸውና የሌላቸው ተለይተው መቆጠር አለባቸው። ስትሪፑ የተሠራበት ፋብሪካና የምርት ቁጥርም ይመዝገብ፤ በውጤቱም ላይ ስሙ ይጻፍ።

ገዢዎች ቀጥሎ ይመጣሉ። መንግሥታዊ የሆነውም የግሉም ግዢ ለስትሪፕ ጨረታ ሲያወጣ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ መጠየቁን ትቶ "በአገር ውስጥ ሴቶች ላይ ከካልቸር ጋር ተነጻጽሮ ምን አሳየ?" ብሎ ይጠይቅ። ትክክል የሆነ የአንድ ውጤት ዋጋ ስንት ነው የሚለው ሂሳብ የብልቃጡን ዋጋ ከማወዳደር ይበልጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑን የሕክምና መሣሪያዎችን ጭምር እንዲቆጣጠር አድርጎታል። ወደ አገር ሲገባ የሚደረገው ቁጥጥር ግን ወልቂጤ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለውን ብልቃጥ አያይም። ያንን የሚያየው የዞንና የከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ክሊኒክ ሲጎበኝ ፈቃድና ንጽሕና ብቻ ሳይሆን የብልቃጡ ክዳን፣ የተከፈተበት ቀንና የንባብ ሰዓት የሚቆጥር ሰዓት መኖሩም ይታይ።

ክሊኒኮች ነገ ጠዋት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራም አለ። ወረቀቱ ላይ "ኢንፌክሽን የለም" ከማለት ይልቅ "በስትሪፕ አልታየም" ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ እውነትም ነው። ለነፍሰ ጡር የማለዳ ሽንት ይዛ እንድትመጣ ንጹሕ ብልቃጥ ከነምክሩ ቀድሞ መስጠት ይቻላል፤ ሽንቱ ቤት ውስጥ ሳይውል በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ መድረስ እንዳለበት ተነግሯት። ማይክሮስኮፕ ያለው ቤት ቢያንስ ለነፍሰ ጡሮች ግራም ቀለሙን ይጨምር። ትኩሳት፣ የጎን ውጋት ወይም ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ላለባት ሴት ደግሞ ስትሪፑ ምንም ቢል ወደ ሆስፒታል መላክ ግዴታ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ጉዳዩ በቀጥታ ይነካቸዋል። ለማያስፈልግ መድኃኒት የሚከፈለውም፣ ካመለጠ ኢንፌክሽን በኋላ ለኩላሊት ሕክምና የሚከፈለውም ከአባላት መዋጮ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሰው ዳኛው ሂሳቡን በትክክል መያዙን እንደሚጠይቅ ሁሉ የመድን አባልም በምን ዓይነት ሚዛን ገንዘቡ እንደሚወጣ መጠየቅ መብቱ ነው።

በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ገዢዋ ይመለሳል። "ዶክተር፣ ይህ ምርመራ የለብሽም ሲለኝ ስንት ጊዜ ትክክል ነው?" ብላ የምትጠይቅ ነፍሰ ጡር ዛሬ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ብትገኝ ባለሙያው በከተማዋ ልክ የሚነግራት ቁጥር ያስፈልገዋል። ያን ቁጥር ማግኘት የዩኒቨርሲቲውና የሆስፒታሉ፣ ማስፈጸም የጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ መክፈል ደግሞ ከስትሪፑ ንግድ የሚያተርፈው ሁሉ ድርሻ ነው። በርበሬን ሰብሮ ሳያይ የማይገዛ አካባቢ የእናቶቹን ጤና ሳይመረምር ሊገዛ አይገባውም።